በእንግሊዝ ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ የልዩ ትምህርት ቤት ቦታ እንዴት ይገኛል?

በእንግሊዝ የሚኖሩ ወላጆች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በደንብ አይናገርም፤ ሐኪሞቹ ኦቲዝም አለበት ብለውናል። ልዩ ትምህርት ቤት የት ሄጄ ላስመዝግበው?»

መልሱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ልዩ ትምህርት ቤት ሄደው የሚያስመዘግቡበት ቦታ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ልጁን ቢወዱት፣ ክፍት ወንበር ቢኖራቸውም እንኳ «ሰኞ ይምጣ» ብለው ሊቀበሉት አይችሉም። በሩን የሚከፍተው አንድ ሰነድ ነው፤ ሰነዱን የሚሰጠው ደግሞ የምትኖሩበት አካባቢ ካውንስል ነው።

ሰነዱ «ኢ ኤች ሲ ፕላን» ይባላል። የትምህርት፣ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ዕቅድ ማለት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ችልድረን ኤንድ ፋሚሊስ አክት» የተባለው ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት «ስቴትመንት» ይባል የነበረውን ሰነድ ተክቷል። እንደ ፍላጎቱ ከሕፃንነት እስከ 25 ዓመት ድረስ ሊያገለግል ይችላል። በጥር 2024 በእንግሊዝ ይህ ዕቅድ ያላቸው ልጆችና ወጣቶች ከ570 ሺሕ በላይ ነበሩ። ለምዘና ተብሎ ሁሉም ወገን ተስማምቶ ያለ ዕቅድ ልዩ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጠባብ መንገድ ቢኖርም፣ ለአብዛኛው ሰው መንገዱ ይኸው ዕቅድ ነው።

ከዚህ በታች ሂደቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናያለን። ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚደናቀፉባቸው ቦታዎች ላይ ቆም እንላለን።

«እንግሊዝኛ ሲለምድ ይስተካከላል»

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚባክነው የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። የሚባክነውም በሁለት በኩል ነው።

በቤት በኩል «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው»፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው»፣ አንዳንዴም «ዐይን ነው»፣ «ጂን ነው» እየተባለ ይቆያል። ሩቅያ ማስደረግ የፈለገ ያስደርግ፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን የካውንስሉ ሂደት ወራት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ይህኛው እስኪያልቅ ብሎ ያኛውን ማቆየት ልጁን ዋጋ ያስከፍለዋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ሲለምድ ይስተካከላል» ይባላል። ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። አንድ ልጅ የቤቱ ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ ስለተለየ ብቻ የመማር ችግር አለበት አይባልም። ይህ ግን ወደ ሌላው አቅጣጫም ያው ነው፤ ሁለት ቋንቋ መስማቱ እውነተኛ ችግር ካለበት ችግሩን አይሰርዘውም። ስለዚህ ለመምህሩ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ስለ እንግሊዝኛ አይደለም። በአማርኛስ ይናገራል? በቤታችሁ የሚነገረው ስልጥኛ፣ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ ወይም ዐረብኛ ከሆነ በዚያስ? ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? ውሃ ሲጠማው በምን ያሳውቃል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል ወይስ የእናቱን እጅ ይዞ ይጎትታል? በቤት ቋንቋውም ችግር ካለ፣ ቋንቋ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይህን በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ ስጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። «ግራ እንዳይጋባ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር የተሰጣቸው ወላጆች አሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምንም ሆነ የንግግር እክልን አያመጣም። እናት በማትመችበት እንግሊዝኛ ከልጇ ጋር ብታወራ የሚጎዳው የሁለቱ ቅርርብ ነው።

የሐኪም ማረጋገጫ፣ ማለትም ዲያግኖሲስ፣ ዕቅዱን ለመጠየቅ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የኦቲዝም ምርመራ ወረፋው በብዙ ቦታ እጅግ ረጅም ስለሆነ እሱን መጠበቅ አያስፈልግም። በጂ.ፒ. ወይም በሄልዝ ቪዚተር በኩል ምርመራውን አስጀምሩ፤ በዚያው ሳምንት የካውንስሉንም ጥያቄ መላክ ትችላላችሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም የሚያስፈራቸው አሉ። ቪዛቸው ላይ የመንግሥት ድጎማ እንዳይወስዱ የሚከለክል ቃል ያለባቸው ወላጆች ዕቅዱን መጠየቅ ቪዛቸውን ያበላሽ ይመስላቸዋል። የመንግሥት ትምህርትም ሆነ ይህ ዕቅድ በኢሚግሬሽን ሕግ «የመንግሥት ድጎማ» ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ አይደሉም። ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ልጆችም መብቱ አላቸው። ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚከፈለው ገንዘብ፣ «ዲ ኤል ኤ» የሚባለው፣ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ነው። ይህ ገደብ ያለበት ሰው እሱን ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ አዋቂ ያማክር። ሁለቱን ማምታታት አያስፈልግም።

ጥያቄውን ማን፣ እንዴት ያቀርባል?

በየትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት አስተባባሪ አለ፤ «ሴንኮ» ይባላል ወይም ትባላለች። መጀመሪያ የምታነጋግሩት እሱን ነው። ትምህርት ቤቱ በራሱ አቅም ሊሰጥ የሚገባው ድጋፍ አለ፤ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ልጅ ተጨማሪ ድጋፍ በዓመት እስከ 6,000 ፓውንድ ድረስ ከራሳቸው በጀት እንዲሸፍኑ ይጠበቃል። ያ ካልበቃ ነው ወደ ዕቅዱ የሚኬደው።

ጥያቄውን ትምህርት ቤቱ ማቅረብ ይችላል። ወላጅም በቀጥታ ማቅረብ ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን ፈቃድ አይፈልግም። «ሴንኮዋ ገና ነው ብላኛለች» ብለው አንድ ዓመት የሚጠብቁ አሉ። የእሷ አስተያየት ጠቃሚ ነው፤ በር ዘጊ ግን አይደለም።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። በ2014ቱ ሕግ በአንቀጽ 36 መሠረት የልጄ ፍላጎት እንዲመዘን እጠይቃለሁ የሚል አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር፣ የልጁ ስምና የልደት ቀን፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ እስካሁን ምን እንደተሞከረና ለምን እንዳልበቃ፣ እጃችሁ ላይ ያሉ የሐኪም ወይም የቴራፒስት ወረቀቶች ቅጂ፤ ይኸው ነው። በኢሜይል ላኩት። የተላከበትን ቀን ጻፉት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሳምንት ሁሉ የሚቆጠረው ካውንስሉ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ነው።

ካውንስሉ በ6 ሳምንት ውስጥ እመዝናለሁ ወይም አልመዝንም ብሎ መመለስ አለበት። በሕጉ ያለው መለኪያ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጁ ልዩ የትምህርት ፍላጎት አለው ወይም ሊኖረው ይችላል፣ እንዲሁም በዕቅድ በኩል ድጋፍ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሁለቱ ከተሟሉ መመዘን አለበት። «ሊ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅም። አንዳንድ ካውንስሎች «መጀመሪያ ዲያግኖሲስ አምጡ»፣ «ትምህርት ቤቱ 6,000ውን ማውጣቱን በማስረጃ ያሳይ»፣ «ከዕድሜ እኩዮቹ ይህን ያህል ዓመት ወደ ኋላ መቅረት አለበት» ይላሉ። ማስረጃ መጠየቃቸው አይከፋም፤ እነዚህ ግን የሕጉ መለኪያ አይደሉም።

በምዘናው ጊዜ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነው» ማለት

ካውንስሉ ለመመዘን ከተስማማ ከወላጅ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከጤና ባለሙያ፣ ከኤዱኬሽናል ሳይኮሎጂስትና ከማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል የጽሑፍ አስተያየት ይሰበስባል። የንግግር ቴራፒስት ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ልጁን እንዲያይላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ምክንያታዊ ጥያቄ ከሆነ ካውንስሉ ከእነሱም አስተያየት መጠየቅ አለበት። ሳይጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ አያደርገውም፤ በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ ትልቁ መደናቀፊያ ደረስን። ሳይኮሎጂስቱ ቤት ይደውልና «ልጁ ቤት ውስጥ እንዴት ነው?» ይላል። እናት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ትላለች። ለእኛ ይህ ምስጋና ነው፤ የታመመም ሰው የሚለው ነው። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን «ወላጅ ቤት ውስጥ ምንም ችግር እንደሌለ ተናግራለች» የሚል ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያቺው ዓረፍተ ነገር ልዩ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም ለማለት ትጠቀሳለች።

ስለ ልጃችሁ እውነቱን መናገር በአላህ ቀደር ማማረር አይደለም። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ በር ከተከፈተ ወደ መንገድ መሮጡን፣ በሰባት ዓመቱ ዳይፐር ላይ መሆኑን፣ እህቱን መምታቱን፣ ሦስት ዓይነት ምግብ ብቻ እንደሚበላ፣ እንግዳ ሲመጣ ክፍል ውስጥ እንደምትዘጉት፣ መስጂድና ሰርግ መሄድ ከተዋችሁ ስንት ጊዜ እንደሆናችሁ፣ ሁሉም መነገር አለበት። ከቃለ መጠይቁ በፊት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ስንት ሰው አስፈለገ። «ኃይለኛ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ «ማክሰኞ ጠዋት ጫማ ለማድረግ 40 ደቂቃ ፈጀ፣ አባቱን ነከሰው» የሚለው ይሠራል።

አስተርጓሚ መጠየቅ አትፈሩ። ታላቅ እህቱን ወይም ወንድሙን በአስተርጓሚነት ማስቀመጥ ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ልጅቷ ልትሰማው የማይገባትን ትሰማለች፣ እናትም በልጇ ፊት ሙሉውን አትናገርም። የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ትንሽ ስለሆነ «አስተርጓሚዋ የማውቃት ሰው ብትሆንስ?» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል፤ ሴት አስተርጓሚ መጠየቅም እንዲሁ።

ከምዘናው በኋላ ካውንስሉ ዕቅድ አልሰጥም ካለ ጥያቄው በቀረበ በ16 ሳምንት ውስጥ ማሳወቅ፣ ከሰጠ ደግሞ የመጨረሻውን ዕቅድ በ20 ሳምንት ውስጥ ማውጣት አለበት። በተግባር የሚዘገየው ብዙ ነው፤ በ2023 በጊዜው የወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። 20 ሳምንት ካለፈ ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም። ቀነ ገደቡ ማለፉን ጠቅሳችሁ ለካውንስሉ መደበኛ ቅሬታ አስገቡ።

ረቂቁ ሲመጣ፦ ወሳኙ 15 ቀን

ረቂቁ ሲላክላችሁ አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ 15 ቀን አላችሁ። ሰነዱ ከ«ኤ» እስከ «ኬ» ክፍሎች አሉት፤ ሦስቱን ብቻ በደንብ ብታነቡ ብዙውን ሥራ ሠርታችኋል። ክፍል «ቢ» ልጁ ምን ችግር አለበት የሚለው ነው። ክፍል «ኤፍ» ለእያንዳንዱ ችግር ምን ድጋፍ ይሰጠዋል የሚለው ነው። ክፍል «አይ» የት ይማራል የሚለው ነው፤ በረቂቁ ላይ ይህ ባዶ መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤቱ የሚጻፈው በመጨረሻው ዕቅድ ላይ ነው።

ብዙ ወላጆች ዓይናቸው የሚያርፈው በባዶው ክፍል «አይ» ላይ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የሚወሰነው በ«ቢ» እና በ«ኤፍ» ነው። «ቢ» ላይ የልጁ ችግር ቀለል ተደርጎ ከተጻፈ «ኤፍ» ቀላል ድጋፍ ይይዛል፤ ቀላል ድጋፍ ደግሞ በመደበኛ ትምህርት ቤት ይገኛል። ያኔ ልዩ ትምህርት ቤት መጠየቅ ያለ መሠረት ቤት መሥራት ነው። ስለዚህ የባለሙያዎቹን ሪፖርት ከጎን አስቀምጡና እያንዳንዱ ችግር «ቢ» ላይ መስፈሩን፣ እያንዳንዱ ምክር «ኤፍ» ላይ መግባቱን በእርሳስ እያመለከታችሁ አስተያዩ።

የቃላቱም ነገር አለ። «የንግግር ድጋፍ እንደ አስፈላጊነቱ ያገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። «በሳምንት አንድ ጊዜ ለ45 ደቂቃ ከንግግር ቴራፒስት ጋር በግል ይሠራል» የሚለው ያስገድዳል። «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «ዕድሉን ያገኛል»፣ «ሊጠቅመው ይችላል» የሚሉትን ስታገኙ፣ በማን፣ ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው እንዲጻፍ ጠይቁ። የንግግር ሕክምና ልጁን የሚያስተምር ወይም የሚያሠለጥን ሲሆን መቀመጥ ያለበት በጤናው ክፍል «ጂ» ሳይሆን በ«ኤፍ» ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በ«ኤፍ» ያለውን ሁሉ ካውንስሉ የማሟላት ሕጋዊ ግዴታ አለበት።

ክፍል «ኤ» የቤተሰቡና የልጁ ሐሳብ የሚጻፍበት ነው። የቤት ቋንቋው አማርኛ መሆኑን፣ ሐላል ምግብ ብቻ እንደሚበላ፣ ልጅቷን ዳይፐር የምትቀይረውና የምታጥባት ሴት እንድትሆን እንደምትፈልጉ እዚህ አስፍሩ። ክፍል «ኤ» በራሱ ግዴታ ባይፈጥርም ትምህርት ቤቱ ሲመረጥ የሚነበብ ነው።

ትምህርት ቤቱን መምረጥ

ልዩ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ቀለል ያለ የመማር ችግር ላለባቸው፣ ከባድና ተደራራቢ ችግር ላለባቸው፣ ለኦቲዝም፣ መስማት ወይም ማየት ለተሳናቸው፣ ለስሜትና ለባሕርይ ችግር የተለዩ አሉ። በመካከል ደግሞ በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል አለ። ከመደበኛው ክፍል ጋር አንዳንድ ትምህርት እየተካፈለ በትንሽ ክፍል መማር ለሚችል ልጅ ይህ ከልዩ ትምህርት ቤት ይልቅ ሊስማማ ይችላል። «ልዩ ትምህርት ቤት» የሚለው ስም ብቻውን መልስ አይደለም፤ ለከባድ ችግር የተዘጋጀ ቦታ ማንበብ የሚችለውን ልጅ ወደ ኋላ ሊያስቀረው ይችላል።

ካውንስሉ ራሱ ዝርዝር ያወጣል፤ «ሎካል ኦፈር» በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ይገኛል። ሄዳችሁ እዩ። ስትሄዱ አዳራሹን ከማየት አልፋችሁ ጠይቁ፤ በክፍሉ ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ አለ? የንግግር ቴራፒስቱ በግቢው ነው ወይስ በወር አንዴ ይመጣል? የማይናገር ልጅ በሥዕል ነው በምልክት ነው በመሣሪያ ነው የሚግባባው? ልጅ ሲረበሽ ምን ታደርጋላችሁ፤ ይዛችሁ ታስቆማላችሁ? ሽንት ቤት የሚወስዱት ማናቸው? ልዩ ትምህርት ቤቶች ስለ ገላ እንክብካቤ የተጻፈ መመሪያ ያዘጋጃሉ፤ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ስለ ግንኙነትና ጾታ ትምህርትም የሚጠይቁ አሉ። የግንኙነት ትምህርት ከ2020 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ወላጅ ልጁን ሊያስወጣ የሚችለው ከጾታ ትምህርቱ ክፍል ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ ከመቃወም በፊት የሚማሩበትን ነገር አስመጥታችሁ ብታዩ እንመክራለን። «ይህ የአካሌ ክፍል የግል ነው፣ ማንም አይነካኝም» ብሎ በሥዕል መናገር የማይችል ልጅ ላይ በደል ቢደርስ ማንም አያውቅም።

የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት በጽሑፍ ስታሳውቁ፣ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት፣ አካዳሚ፣ ከመንግሥት ውጭ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ልዩ ትምህርት ቤት፣ ወይም በሕጉ አንቀጽ 41 የተፈቀደ የግል ልዩ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ካውንስሉ ሊጽፈው ግድ ነው። እምቢ ሊል የሚችለው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፤ ለልጁ ዕድሜ፣ ችሎታ ወይም ፍላጎት የማይስማማ ከሆነ፣ የልጁ መግባት የሌሎቹን ትምህርት የሚያውክ ከሆነ፣ ወይም ለገንዘብ አጠቃቀም የማይመች ከሆነ። «ትምህርት ቤቱ ሞልቷል» የሚለው ብቻውን ከሦስቱ አንዱ አይደለም። አንድ ተጨማሪ ልጅ ቢገባ ማን፣ እንዴት እንደሚጎዳ ማሳየት ያለበት ካውንስሉ ነው። ትምህርት ቤቱ በዕቅዱ ላይ ከተጻፈ ልጁን መቀበል አለበት።

ካውንስሉ ለትምህርት ቤቶቹ ወረቀቱን ልኮ በ15 ቀን እንዲመልሱ ይጠይቃል። መልሶቻቸውን ቅጂ ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ «እምቢ አሉ» የተባለው ትምህርት ቤት የጻፈው «ተጨማሪ ረዳት ሠራተኛ ከተመደበ እንቀበላለን» የሚል ሆኖ ይገኛል።

የእስልምና ትምህርት ቤትስ? በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩት፣ ለምሳሌ በ1998 የመንግሥት በጀት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የለንደኑ ኢስላሚያ፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ በዕቅድ ላይ ሊጻፉ ይችላሉ። ወላጅ የሚከፍልባቸው የግል የእስልምና ትምህርት ቤቶች ግን በአንቀጽ 41 ዝርዝር ካልገቡ ልጁን እንዲቀበሉ ማስገደድ አይቻልም፤ ካውንስሉም ክፍያውን እንዲሸፍን ማሳመን ከባድ ነው።

መጓጓዣውን በዚሁ ጊዜ ጨርሱት። ከ5 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ወደሚስማማው ቅርብ ትምህርት ቤት በእግሩ መሄድ ካልቻለ፣ ርቀቱ ምንም ይሁን ምን ካውንስሉ በነፃ ማድረስ አለበት። ወጥመዱ ያለው በክፍል «አይ» አጻጻፍ ላይ ነው። «ይህ የወላጅ ምርጫ ነው፤ ሌላ ቅርብና የሚስማማ ትምህርት ቤት አለ፤ መጓጓዣውን ወላጅ ይችላል» የሚል ቃል ከገባ በየቀኑ የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። ከመስማማታችሁ በፊት ያንን መስመር ፈልጉ።

«አይሆንም» ሲባል

ካውንስሉ በሦስት ቦታ እምቢ ሊል ይችላል፤ አልመዝንም፣ መዝኛለሁ ግን ዕቅድ አልሰጥም፣ ዕቅድ ሰጥቻለሁ ግን የጠየቃችሁትን ትምህርት ቤት ወይም ድጋፍ አልጽፍም። በሦስቱም ላይ ይግባኝ ይባላል። የሚታየው የልዩ ትምህርት ፍላጎትና የአካል ጉዳት ጉዳዮችን በሚመለከተው ትሪቡናል ነው፤ ከካውንስሉ ነፃ ነው፤ ክፍያ የለውም፤ ጠበቃ የግድ አይደለም።

ቀነ ገደቡ የውሳኔው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ነው። ከይግባኙ በፊት የሽምግልና፣ ማለትም የሚዲዬሽን፣ አማካሪ ማነጋገርና የምስክር ወረቀት መውሰድ ያስፈልጋል። ሽምግልናውን አልፈልግም ማለትም ይቻላል፤ ወረቀቱ ግን ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከተሰጠ አንድ ወር ይኖራችኋል፤ ከሁለቱ ቀናት የሚዘገየው ይያዛል። ይግባኙ በትምህርት ቤቱ ስም ላይ ብቻ ከሆነ ወረቀቱም አያስፈልግም። ብቻውን ግን አልፎ አልፎ ነው የሚሠራው፤ ከላይ እንዳልነው «ቢ» እና «ኤፍ» ሳይስተካከሉ ትምህርት ቤቱን ማስለወጥ ይከብዳል።

ወላጆቻችን ይግባኝ ሲባል ከመንግሥት ጋር መጣላት ይመስላቸዋል፤ «በኋላ ልጁን ይበቀሉብኛል» ይላሉ። ይህ ተራ አሠራር ነው፤ የካውንስሉ ሠራተኞችም በየሳምንቱ ያዩታል። ችሎት ደርሰው ውሳኔ ከተሰጠባቸው ጉዳዮች በቅርብ ዓመታት ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ለወላጅ ተፈርደዋል። ከችሎቱ ቀን በፊት ካውንስሉ የሚስማማባቸውም ብዙ ናቸው። ክፉው ነገር ወረፋው ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ዓመት ይወስዳል። በዚያ መካከል ልጁ ያለ ትምህርት ቤት ቤት ከተቀመጠ፣ በ1996ቱ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 19 መሠረት ካውንስሉ ተስማሚ ትምህርት እንዲያዘጋጅለት በጽሑፍ ጠይቁ።

በየካውንስሉ «ሴንዲያስ» ተብሎ የሚታወቅ ነፃ የምክር አገልግሎት አለ፤ ስብሰባ ላይ አብሮ ሊገባም ይችላል። «ኢፕሲያ» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ነፃ የሕግ ምክርና የደብዳቤ ናሙናዎች ይሰጣል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ወላጆች በመንግሥት የሕግ ድጋፍ በኩል ለይግባኙ ዝግጅት ጠበቃ ሊያገኙ ይችላሉ። «ሺህ ፓውንድ ስጡኝ፣ ቦታ አስገኝላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ግን በር አትክፈቱ፤ ቦታ የሚሸጥበት መንገድ የለም።

ቦታው ከተገኘ በኋላ

ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይገመገማል። ከስብሰባው በኋላ ካውንስሉ በ4 ሳምንት ውስጥ እንዳለ ይቀጥላል፣ ይሻሻላል ወይም ይቆማል ብሎ መወሰን አለበት፤ በዚያም ላይ ይግባኝ አለ። መደበኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ያልተሳካለት ልጅ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የሚዛወረውም በዚሁ ግምገማ በኩል ነው፤ ዓመቱ እስኪደርስ ሳትጠብቁ አስቸኳይ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለሚሸጋገር ልጅ ካውንስሉ አዲሱን ትምህርት ቤት ጽፎ ዕቅዱን እስከ የካቲት አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 15፣ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ትምህርት ቤቶችን መጎብኘት የሚጀመረው በአምስተኛው ዓመት ክፍል ነው፤ በስድስተኛው መስከረም ላይ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል።

ወደ ሌላ ካውንስል ቤት ከቀየራችሁ ዕቅዱ አብሯችሁ ይሄዳል። ከመዛወራችሁ በፊት ለሁለቱም አሳውቁ፤ ትምህርት ቤቱ የማይደረስበት ርቀት ላይ ከሆነ አዲሱ ካውንስል ጊዜያዊ ቦታ መስጠት አለበት። ወደ ዌልስ፣ ስኮትላንድ ወይም ሰሜን አየርላንድ ከሆነ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ሂደቱ በዚያ አገር ሥርዓት እንደ አዲስ ይጀመራል።

ልጁን ለጥቂት ወራት ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ዐረብ አገር ዘመድ ዘንድ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆችም አሉ፤ ለሕክምና፣ ለሩቅያ ወይም ለእናት ዕረፍት። ከትምህርት ቤቱና ከካውንስሉ ጋር በጽሑፍ ሳትነጋገሩ አታድርጉት። ቦታውም ዕቅዱም ጥያቄ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ ሲመለስ ወረፋው ከመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። በካውንስሉ ምደባ ልዩ ትምህርት ቤት የገባን ልጅ አስወጥቶ ቤት ለማስተማርም የካውንስሉ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ነጥብ የመድረሳ ጉዳይ ነው። ብዙ ልጆች በሳምንቱ መጨረሻ መድረሳ «አይቀመጥም» ተብለው ይመለሳሉ። የልጁ ትምህርት ቤት የሚጠቀምበትን የሥዕል ካርድና የቀን ሰሌዳ ቅጂ ጠይቃችሁ ለኡስታዙ ስጡ፤ ከስንት ደቂቃ በኋላ ዕረፍት እንደሚያስፈልገው፣ ምን ድምፅ እንደሚረብሸው በአንድ ገጽ ጻፉለት። የትምህርት ቤቱ ሴንኮ ወይም መምህር ይህን ገጽ አብሯችሁ ሊያዘጋጅ ይችላል።